ለአገር ቤት የታሰበው ባትሪ መጀመሪያ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይፈተን

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበውን ሐሳብ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። በግቢያችን የተጣሉ የላፕቶፕ ባትሪዎችን ሰብስበን፣ ውስጣቸው ያሉትን ሴሎች አውጥተን፣ አምፖልና የስልክ መሙያ ገጥመንላቸው፣ ክረምት ላይ አገር ቤት በሚሄዱ ልጆች ሻንጣ ለገጠር ትምህርት ቤቶች እንላክ የሚል ነው። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር፤ የሚገባም ነው። በኩራዝ ማጥናት ምን እንደሆነ ከመካከላችን በዓይኑ ያየ አለ። እኔ ግን ሐሳቡን በግማሽ እደግፋለሁ፣ በግማሽ እቃወማለሁ። የምደግፈው ባትሪ መሥራት መማራችንን ነው፤ እንዲያውም ሴል የሚነካ ሰው ሁሉ አንድ ሴል በላብ ፓወር ሰፕላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቻርጅ አድርጎ ይማር እላለሁ። የምቃወመው ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሴል በሻንጣ ተጭኖ ሕፃናት የሚያድሩበት ቤት መግባቱን ነው። የመጀመሪያውን በትክክል የሠራ ሰው ለሁለተኛው ብዙ ክርክር የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የላፕቶፕ ባትሪ ሞተ ሲባል ሁሉም ሴል ሞተ ማለት አይደለም። ባለ 6 ሴል ፓክ ውስጥ አንዱ ወይም ሁለቱ ሲደክሙ መቆጣጠሪያው ሰሌዳ ፓኩን በሙሉ ይዘጋዋል፤ የቀሩት ገና ጉልበት ሊኖራቸው ይችላል። እነዚህ ሲሊንደር መሳይ ሴሎች 18650 ይባላሉ። ስማቸው ልካቸው ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ስስ በሆኑት አዲሶቹ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ግን ጠፍጣፋና በፎይል የተጠቀለለ ዓይነት ነው። እሱን በቢላ ወይም በጠመንጃ መፍቻ ለመፈልቀቅ ያሰበ ካለ ከወዲሁ ይተወው፤ ፎይሉ ከተበሳ ሌላ ወሬ ነው የምናወራው።

ለዕለት ሥራ የሚሆን የሴል ቻርጀር ርካሽ ነው፤ ግዙና ተጠቀሙ። ታዲያ ፓወር ሰፕላዩ ለምን? ቻርጀሩ የሚያደርገውን ሁሉ ደብቆ ስለሚያደርግ ነው። ቀይ መብራት፣ ከዚያ አረንጓዴ መብራት፣ አለቀ። የላብ ፓወር ሰፕላይ ግን ምንም አይደብቅም፤ ምንም አያስብልህምም። ሁለት ቁልፎች አሉት፣ አንዱ ቮልቴጅ፣ ሌላው የከረንት ጣሪያ። ሊቲየም አዮን ሴል የሚፈልገውም እነዚህኑ ሁለቱን ነው፤ መጀመሪያ ቋሚ ከረንት፣ ቀጥሎ ቋሚ ቮልቴጅ። ፓወር ሰፕላዩ ሁለቱንም መስጠት ይችላል። የማይችለው ማቆም ነው። ሴሉ ሞልቷል ብሎ የሚነቅል፣ ሴሉ ግሏል ብሎ የሚዘጋ፣ ገመዱ ተገልብጧል ብሎ የሚጮህ ነገር የለውም። እነዚያን ሥራዎች የሚሠራው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ የቻርጀሩ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ እናንተ ናችሁ።

አሠራሩን በቅደም ተከተል ልናገር፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ትምህርት ነውና። ሴሉ ገና ሳይገናኝ መውጫው 4.20 ቮልት ላይ ይደረጋል። ይህ ለተለመዱት የላፕቶፕ ሴሎች ነው። አንዳንድ ሴል እስከ 4.35 እንዲሞላ ተደርጎ ይሠራል፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ደግሞ ከ3.65 ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ሴሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፣ የአምራቹን መረጃ ፈልጉ፤ ካላገኛችሁት አትጀምሩ። ፓወር ሰፕላዩ ፊት ላይ የሚታየውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ በመልቲሜትር ለኩት። በስንት ተማሪ እጅ የዞረ የላብ ዕቃ ትንሽ ቢዋሽ አይገርምም። ከዚያ የከረንቱ ጣሪያ ይቀመጣል። በአንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ይህን ለማየት ሁለቱን መውጫ ገመዶች እርስ በርስ ማነካካት ያስፈልጋል፤ ይህ የሚደረገው ሴሉ በአካባቢው ሳይኖር ነው። አዲስ ባለ 2,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ሴል ከሆነ ግማሹን፣ ማለትም 1 አምፒር ይችላል። ታሪኩን ለማላውቀው አሮጌ ሴል እኔ ከ0.4 አምፒር በላይ አልሰጥም። ይዘገያል፤ ይዘግይ። የቮልቴጅ መከላከያ ያለው ፓወር ሰፕላይ ከሆነ እሱንም 4.25 ላይ ማድረግ ነው፤ ክንድ ቁልፉን ነክቶ ቢያዞረው መውጫው ራሱን እንዲዘጋ።

አሁን መውጫው ይጠፋል፣ ሴሉ በመያዣው ውስጥ ይገባል፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ። ይህን ሁለት ጊዜ እዩ። ብዙ ፓወር ሰፕላዮች መውጫቸው ላይ ራሳቸውን የሚከላከሉበት ዳዮድ አላቸው፤ ሴሉ ተገልብጦ ከገባ በዚያ ዳዮድ በኩል ሾርት ይሆናል። የከረንት ጣሪያችሁ እዚህ ላይ አይረዳችሁም፤ ከረንቱ የሚመጣው ከፓወር ሰፕላዩ ሳይሆን ከሴሉ ነው። ሴሉን በአዞ አፍ ክሊፕ ነክሶ መሥራት የሚወዱ አሉ፤ ክሊፑ ተንሸራቶ ሁለቱን ጫፎች እስኪያገናኝ ድረስ ጥሩ ነው። መያዣው ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ በታች ስለሆነ ግዙት።

መውጫውን ስትከፍቱ ቮልቴጁ 4.20 ሳይሆን ለምሳሌ 3.6 ያሳያል። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይደነግጥና ቁልፉን ሊያዞር እጁን ይሰዳል። አትንኩት። ፓወር ሰፕላዩ የከረንት ጣሪያው ላይ ስለደረሰ ቮልቴጁን ሴሉ ራሱ ወደ ታች ይዞታል፤ ትክክል ነው። ቀስ እያለ ይወጣል፣ 3.8፣ 3.9፣ 4.0። አንድ ጊዜ 4.20 ሲደርስ እዚያው ይቆምና በተራው ከረንቱ መውረድ ይጀምራል። የቋሚ ከረንት መብራት ጠፍቶ የቋሚ ቮልቴጅ መብራት የሚበራበትን ቅጽበት ሁለተኛ ዓመት ላይ በሰሌዳ ላይ ያየነው ኩርባ ሕይወት ሲዘራ ያያችሁ ያህል ትወዱታላችሁ፤ ቢያንስ እኔ እወደዋለሁ። ከረንቱ የሴሉ አቅም ሃያኛ ላይ ሲወርድ፣ ለባለ 2,000ው ሴል 0.1 አምፒር አካባቢ፣ ሞልቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ሴሉን አውጡ፣ ከዚያ ፓወር ሰፕላዩን አጥፉ፤ በተገላቢጦሽ ካደረጋችሁት አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ከሴሉ ኃይል መልሶ ይጠጣል።

ሞልቶ ሳለ እዚያው መተው ነው ትልቁ ችግር። የመኪና ባትሪ የለመደ ሰው ቻርጀር ላይ ማሳደር ምንም አይመስለውም፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ዝቅ ባለ ቮልቴጅ ላይ ተሰክቶ መክረም ይችላል። ሊቲየም አዮን እንዲያ አይወድም። በፓወር ሰፕላይ ላይ ሴል ትቶ ወደ ክፍል መሄድ ድስት ጥዶ ገበያ እንደመሄድ ነው።

መብራት መጥቶ ሲሄድ፣ ቮልቴጅ ሲወርድና ሲወጣ ያደግን ሰዎች ነንና በ220 ቮልት አገር 0.1 ቮልት ስህተት ቀልድ ይመስላል። እዚህ ግን ቀልድ አይደለም። ሴሉ ከ4.20 አልፎ ሲገፋ ከካቶዱ ውስጥ መውጣት ከሚገባው በላይ ሊቲየም ይወጣል፣ የካቶዱ ቅንብር ይላላል፣ ሲግል ኦክስጅን መልቀቅ ይጀምራል። በሌላው ወገን ግራፋይቱ መቀበል ያቃተው ሊቲየም ላዩ ላይ እንደ ብረት ይጋገራል። በመካከላቸው ያለው ኤሌክትሮላይት ደግሞ የሚነድ ፈሳሽ ነው። ሙቀቱ አንድ ደረጃ ካለፈ በኋላ ሴሉ ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ የበለጠ በሞቀ ቁጥር የበለጠ ይፋጠናል፤ ገመድ መንቀልም ምንም አይረዳም። ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቻርጅ ማድረግ ያንኑ የሊቲየም መጋገር ያመጣል፤ ጥር ላይ መኪና ውስጥ ያደረ ሴል ክፍል ውስጥ ገብቶ እስኪሞቅ ይጠበቃል።

አሁን ወደ አሮጌዎቹ ሴሎች ልምጣ። አገር ቤት ስልክ ጥገና ቤት የቆመ ሰው ይህን አይቷል፤ የሞተ ባትሪ በፓወር ሰፕላይ ይነካና ይነሳል፣ ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል። በስብሰባው ላይም «መርካቶ በየቀኑ የሚሠራውን እኛ ኢንጂነሪንግ ተምረን እንፈራለን ወይ?» ተብሏል። ለእነዚያ ባለሙያዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ብዙዎቻችን ዲግሪ ይዘን የማንችለውን በእጃቸው ይችላሉ። ነገር ግን ባትሪውን የሚያነሳው ሰው እዚያው አጠገቡ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ከቁጥሩ ላይ፣ ጣቱ ከባትሪው ላይ ነው። የሚያስነሳውም አንድ ባትሪ ነው፤ ሃያ ሴል በይዶ ለማያውቀው ሰው አይሰጥም።

ደግሞ «ተነሳ» ማለት «ዳነ» ማለት አይደለም። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የከረመ ሴል ውስጥ፣ የአኖዱን ግራፋይት የያዘው የመዳብ ፎይል ወደ ኤሌክትሮላይቱ መሟሟት ይጀምራል። መልሳችሁ ስትሞሉት ያ መዳብ መሆን በማይገባው ቦታ ይከማቻል፤ ቀስ በቀስም ውስጣዊ ሾርት ይሠራል። ሴሉ ዛሬ ቻርጅ ይይዛል፣ ነገም ይይዛል፣ የፈለገው ቀን ይግላል። ለዚህ ነው በመልቲሜትር ከ2 ቮልት በታች ያነበብኩትን ሴል ያለ ክርክር ወደ መልሶ መጠቀሚያ ሳጥን የምጥለው። ከ2 እስከ 3 ቮልት ያለውን ደህና ቻርጀሮች መጀመሪያ በአቅሙ አሥረኛ ከረንት ቀስ አድርገው ነው የሚያነሱት፤ እኔም እንዲሁ። የሞላውን ሴል ደግሞ ሁለት ሳምንት አስቀምጬ መልሼ እለካዋለሁ፤ ከ4.0 ቮልት በታች ከወረደ ውስጡ የሚያፈስ ነገር አለና ይጣላል። በግማሽ አምፒር እየሞላ እጅ ላይ ሞቅ የሚልም ይጣላል። ያበጠ፣ የተቦጨቀ፣ ጣፋጭ መድኃኒት መሳይ ሽታ ያለው ጭራሽ አይሰካም። በዚህ ወንፊት ስንነፋው ከአሥር አሮጌ ሴል ስንት እንደሚቀር ራሳችሁ ሞክራችሁ እዩት፤ ብሩህ ቁጥር አትጠብቁ።

ፓክ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሦስት ሴል በተከታታይ በይዳችሁ ፓወር ሰፕላዩን 12.6 ቮልት ላይ ብታደርጉት ሒሳቡ ትክክል ይመስላል፣ 3 ጊዜ 4.2። ፓወር ሰፕላዩ የሚያየው ግን ድምሩን ብቻ ነው። አንዱ 4.0፣ ሁለተኛው 4.2፣ ሦስተኛው 4.4 ቢሆኑም ድምሩ 12.6 ነው። ዕቁብ ውስጥ አንዱ አጉድሎ ሌላው ደርቦ ከፍሎ ድምሩ የሞላለት ሰብሳቢ ደስ እንደሚለው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ደርቦ የከፈለው ሴል እሳት ሊያነሳ መቻሉ ነው። እድሜያቸውና አቅማቸው የተለያየ አሮጌ ሴሎች ደግሞ መቼም እኩል አይሄዱም። ቢኤምኤስ የሚባለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱን ሴል ለብቻው ይለካል፣ አንዱ ካለፈ ሁሉንም ይቆርጣል። ያለ እሱ በተከታታይ የተበየደ ፓክ በፓወር ሰፕላይም ሆነ በሌላ ነገር ቻርጅ እንዳይደረግ እለምናለሁ።

ይህን ሁሉ የምናደርገው በላብ ውስጥ እንጂ በዶርም ወይም ለአምስት በተከራየነው አፓርታማ ሳሎን መሆን የለበትም። እዚህ አገር ይህ ተራ ማስፈራሪያ አይደለም። ኒው ዮርክ ከተማ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2023 በሊቲየም አዮን ባትሪ ምክንያት 268 እሳት ተነስቶ 18 ሰው ሞቷል። አብዛኛው ወሬ ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው፤ ከተማዋም በዚያው ዓመት በታወቀ ላብራቶሪ ያልተረጋገጠ የብስክሌት ባትሪ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። ብስክሌቱ ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው እኛ ከላፕቶፕ የምንፈለቅቀው ዓይነት ሴል ነው፣ በብዛት ተደርድሮ። አንዱ ሲነሳ ጎረቤቱን ያነሳል፤ ነበልባሉ ጠፋ ሲባል ከሰዓታት በኋላ መልሶ ይነሳል፤ ጭሱ መርዝ ነው። ከሆነ በር ዘግቶ መውጣት፣ የሕንፃውን ማንቂያ መጫን፣ 911 መደወል እንጂ ከሱ ጋር መታገል የለም።

ሻንጣውንም እናስላው። አንድ ባለ 2,500 ሚሊአምፒር ሰዓት ሴል 9 ዋት ሰዓት ነው። የአየር መንገዶች ደንብ ለብቻው የሚያዝ ባትሪን ወደ ካርጎ በሚገባ ሻንጣ አይፈቅድም፤ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፣ ያውም እስከ 100 ዋት ሰዓት። ከ100 እስከ 160 ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ ሁለት ብቻ፣ ከዚያ በላይ ለመንገደኛ የለም። አሥራ ሁለት ሴል 108 ነው፤ በስብሰባው ላይ የተሳለው ባለ ሃያ ሴል ሳጥን 180። የተበላሸ ወይም ጉዳት የደረሰበት ባትሪ ደግሞ በማንኛውም መጠን አይሳፈርም፤ ከተጣለ ላፕቶፕ የወጣ ሴል ደህና መሆኑን በመፈተሻው በር ላይ ለጠባቂ ማስረዳት የሚፈልግ ይሞክረው።

ለዚህ ደንብ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም ይበልጥ የምናስታውሰው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 ሎንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787፣ ንግሥተ ሳባ የተባለው፣ ጣሪያው በእሳት ተጎድቷል። የብሪታኒያ መርማሪዎች መነሻውን ያገኙት ከጅራቱ አጠገብ ባለች አነስተኛ የአደጋ ጊዜ ማሠራጫ ባትሪ ውስጥ ነው፤ ሽቦዎቿ በክዳኑ ሥር ተጣጥፈው ተጨፍልቀው ነበር። ያ ባትሪ ቻርጅ የማይደረግ የሊቲየም ዓይነት ስለሆነ ኬሚስትሪው ከኛ ሴል ይለያል። የሚያመሳስላቸው ስንፍናው ነው፤ ሽቦ እንዴት እንደተቀመጠ ሳይታይ የተዘጋ ክዳን። ያ አውሮፕላን ተረጋግጦ፣ ተመዝግቦ፣ በብዙ ባለሙያ እጅ አልፎ ነው። እኛ እሁድ ከሰዓት በኋላ ፒዛ እየበላን የምንበይደው ነገር ከዚያ የተሻለ ይሆናል የሚል እምነት የለኝም።

በስብሰባው ላይ በጣም ያልወደድኩት ዓረፍተ ነገር «ለአገር ቤት ይበቃል» የሚለው ነበር። ተናጋሪው ክፋት የለበትም፤ ሁላችንም ስለ አሮጌ ልብስና ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ስናወራ የምንለው ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ቢበላሽ አይሠራም፣ በቃ። አሮጌ ባትሪ ሲበላሽ ግን በሣር ክዳን ቤት፣ እሳት አደጋ ሠራተኛ በሌለበት ወረዳ፣ ልጅ ተኝቶ ሳለ ነው የሚበላሸው። በራሴ ትራስ አጠገብ ቻርጅ የማላደርገውን ነገር ለሌላ ሰው ልጅ ስጦታ ብዬ መላክ አልችልም። እዚያ ጥብቅ መሆን ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም።

ገንዘቡን በሌላ መንገድ እናውለው። ለመማሪያችን ጥቂት አዲስ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎች እንግዛ፤ ከላፕቶፑ ዓይነት ይልቅ ሙቀትን ይታገሣሉ፣ ዕድሜያቸውም ረዘም ያለ ነው፣ ምንም አይሆኑም ማለት ግን አይደለም። ከቢኤምኤስና ከራሳቸው ቻርጀር ጋር አንድ ንጹሕ ፓክ እንሥራ፣ እንፈትነው፣ እንጻፍበት፣ እዚሁ ላብ ይቀመጥ። ለትምህርት ቤቶቹ ደግሞ ገንዘብ ልከን ዋስትና ያለው የፀሐይ ፋኖስ እዚያው አገር ውስጥ ይገዛ፤ ሲበላሽም የሚጠገንበት ሰው ቅርብ ይኖራል። ቁጥሩ በስብሰባው ከታለመው ያነሰ ይሆናል። የሻንጣ ሐሳቡን ያመጡት ልጆች ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ የላቡን ሥልጠና እንዲመሩት የምፈልገው ግን እነሱን ነው፤ ከሁላችን የበለጠ ፍላጎት ያላቸው እነሱ ናቸውና።

እስከዚያው ድረስ አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። እስካሁን የተሰበሰቡት ባትሪዎች በካርቶን ተጭነው በማኅበሩ ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከረከቦቱና ከቡናው የኤሌክትሪክ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጫፎቻቸው አልተሸፈነም፤ ሁለቱ አብጠዋል። የሐሙሱ ቡና ከመፈላቱ በፊት ቁልፉ ያለው ሰው ይደውልልኝ፤ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነን አብረን ወደ ግቢው የባትሪ መረከቢያ እንወስዳቸዋለን። ያበጡትን ለብቻ፣ አሸዋ ባለበት ባልዲ ውስጥ።